የአሥር ሰዓት ተኩሉ መርከብ

ከማያሚ በሚነሣ የሽርሽር መርከብ ላይ ቦታ መያዝ ቀላሉ ነው። ጣጣው የሚመጣው መርከቡ ለአንድ ቀን ብቻ የሚቆምባት ደሴት ላይ ምን ይደረግ ሲባል ነው። የእኛዋ ግራንድ ተርክ ናት፤ ከባሃማስ ደቡብ ምሥራቅ፣ በብሪታኒያ ሥር ያለው የተርክስና ካይኮስ ግዛት ዋና ከተማ የሚገኝባት። ርዝመቷ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎናችን ውስጥ ስለ እሷ የተቋቋመው ኮሚቴ ግን ለአንድ ክፍለ ሀገር ይበቃ ነበር። ቡና ተፈላ፣ ሰብሳቢ ተመረጠ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጠፋ።

አንደኛው አጀንዳ ሰዓት ነበር። የጉዞ ወረቀቱ «ከ8፡00 እስከ 4፡30» ይላል። አክስቴ አሜሪካ ስንት ዘመን ቢቀመጡም ሰዓታቸው ከሀገር አልወጣም፤ «ሁለት ሰዓት ገብተን አሥር ሰዓት ተኩል እንወጣለን ማለት ነው» አሉ። እዚሁ የተወለደው የወንድሜ ልጅ «አሥር ተኩል»ን የማታው አድርጎ ሰምቶ፣ በጨረቃ ሊዋኝ በደስታ ዘለለ። በዚህ ላይ የመርከቡና የደሴቲቱ ሰዓት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የደሴቲቱ መንግሥት ራሱ በ2015 ሰዓቱን ለውጦ በ2018 መልሶታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ከመውረዳችሁ በፊት የእጅ ሰዓታችሁን ከመርከቡ ጋር አስተካክሉና ከዚያ በኋላ ማንንም አትጠይቁ፤ አክስቴን በተለይ።

ስሌቱን አቀረብኩ። ለመውረጃ ወረፋ አንድ ሰዓት፣ ከመነሻው ቀድሞ ለመግባት ግማሽ ሰዓት፤ የሚቀረን ሰባት ሰዓት። ወዲያው ጥያቄው ጎረፈ። ባለቤቴ ሰሜን ጫፍ ላይ በ1852 የቆመውን የብረት መብራት ማማ ማየት ትፈልጋለች። ልጆቹ በጀልባ ጊብስ ኬይ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ሄደው ጠፍጣፋውን የሬይ ዓሣ ካልነካን ብለዋል። ወንድሜ ደግሞ፣ ከዳርቻው ጥቂት መቶ ሜትር ራቅ ሲባል ባሕሩ እንደ ግድግዳ ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ አለና እዚያ ልጥለቅ አለ። ይህ ሰው በሕይወቱ የገባበት ጥልቁ ውኃ የሶደሬ መዋኛ ነው።

አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ጆን ግሌን በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1962 ምድርን ሦስት ጊዜ ዞሮ አትላንቲክ ላይ ሲያርፍ አምስት ሰዓት እንኳ አልሞላውም። ከዚያ የተወሰደው ወደዚችው ግራንድ ተርክ ነበር፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ጆንሰንም እዚያው ድረስ ሄደው ተቀብለውታል። የእኛ ዕቅድ ግን በሰባት ሰዓት አንዲት ደሴት ዞሮ አይጨርስም። ለነገሩ ግሌን ብቻውን ነበር፤ ኮሚቴ አልነበረውም።

ምግብ ላይ ሌላ ክርክር ተነሣ። የአካባቢው ሰው ኮንክ የሚባል ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ይበላል። ጉዞው ፍልሰታ ላይ ስለወደቀ፣ የጾም ነው የፍስክ? አክስቴ «የጾምም ቢሆን አልበላው፣ የፍስክም ቢሆን አልበላው» ብለው ዘጉት።

አክስቴን የገዛቸው ያላሰብነው ነገር ሆነ። የቤርሙዳ ሰዎች ከ1600ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግራንድ ተርክ ላይ የባሕር ውኃ በፀሐይ እያደረቁ ጨው ያመርቱ ነበር፤ በባርነት በያዟቸው ሰዎች ጉልበት። ከእነዚያ አንዷ ሜሪ ፕሪንስ፣ ጨው ኩሬ ውስጥ ቆሞ መዋል እግርን እንዴት እንደሚያቆስል በ1831 በታተመው የሕይወት ታሪኳ ተናግራለች። የጨው ሥራው በ1960ዎቹ ሲሞት ጋሪ ይጎትቱ የነበሩት አህዮች ተለቀቁ፤ ዘሮቻቸው ዛሬም መንገድ መሃል ይንጎራደዳሉ። መቀሌ ገበያ አሞሌ ሲራገፍ እያዩ ያደጉት አክስቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ጭነት የለም?» «የለም።» «ጅብስ?» «የለም።» «እንግዲያ ለአህያ መንግሥተ ሰማያት እሷ ናት፤ እኔ እነሱን ነው የማየው።»

ድምፄን የሰጠሁት ለአክስቴ ነው። መርከቡ የሚጠጋበት፣ በ2006 የተከፈተው ማዕከል መዋኛም፣ መጠጥ ቤትም፣ የጌጣጌጥ ሱቅም አለው፤ ብዙ ሰው ከዚያ ንቅንቅ ሳይል ይመለሳል። እዚያ ተቀምጦ ደሴቲቱን አየሁ ማለት፣ ቦሌ አውሮፕላን ቀይሮ ኢትዮጵያን አየሁ እንደማለት ነው። ዋና ከተማው ኮክበርን ታውን በታክሲ ሩቅ አይደለም፤ የጨው ኩሬዎቹም፣ ሙዚየሙም፣ አህዮቹም እዚያው ናቸው። ልጆቹ ሲመለሱ መርከቡ አጠገብ ያለው ባሕር ይበቃቸዋል። ወንድሜ ተቃውሞው በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብለት ጠየቀ፤ ያዥ የለም።

የምትሄዱ ካላችሁ፣ መገበያያው የአሜሪካ ዶላር ነው። መኪና በግራ ስለሚነዳ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ውረዱ፤ መርከቡ ካመለጣችሁ እስከሚቀጥለው ወደብ የምትበሩት በራሳችሁ ኪስ ነው።