ስንት ነሐሴ እንመን?

እነዚህ የሬዲዮ ስፖርት ተንታኞች አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለው የተናገሩትን ቢያዩ ምን አለበት! ዳላስና ፎርት ዎርዝ የምንኖር ሐበሾች፣ ታክሲ የምንነዳውም፣ ሌሊት ኤርፖርት የምንሠራውም፣ ነሐሴ በገባ ቁጥር ስለ ዳላሱ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ከሬዲዮ የምንሰማው ያው ነው፤ «ዘንድሮ የካውቦይስ ነው»። ጥር ላይ እንዲህ ብዬ ነበር የሚል ሰው አይገኝም።

እ.ኤ.አ. የ2024ቱን ብቻ እንይ። ቡድኑ ከዚያ በፊት ለተከታታይ ሦስት ዓመት፣ በየዓመቱ 12 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ነበር። ይህችን ቁጥር ይዘው ፕሌይኦፍ መግባቱን እንዳለቀ ነገር አወሩልን። በዚያው ዓመት ጥር ወር አርሊንግተን ላይ፣ በገዛ ሜዳው በግሪን ቤይ 48 ለ 32 መሸነፉን ግን እንደ ክፉ ቀን ቆጥረው አለፉት። የመከላከሉ አሰልጣኝ ዳን ክዊን ወደ ዋሽንግተን ሄደ። ለዓመታት የግራ መስመሩን የጠበቀው ታይረን ስሚዝ ወደ ጄትስ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ቶኒ ፖላርድ ወደ ቴነሲ ሄዱ። ባለቤቱ ጄሪ ጆንስ ያለንን ሁሉ እናወጣለን ሲሉ ሰምተን ነበር፤ የተጫዋች ገበያው ሲከፈት ግን እጃቸው አልተፈታም። ይህ ሁሉ ከትንበያው በፊት በዓይን የታየ ነው።

ለእንቁጣጣሽ ሦስት ቀን ሲቀር ኳርተርባኩ ዳክ ፕሬስኮት ለ4 ዓመት በ240 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ያኑ ዕለት ክሊቭላንድን 33 ለ 17 አሸነፉ። ደስታው ከሳምንት አላለፈም። በሜዳቸው በኒው ኦርሊንስ 44 ለ 19፣ ከሳምንታት በኋላም በዲትሮይት 47 ለ 9 ተሸነፉ። ጥቅምት ሳያልቅ ፕሬስኮት ጭኑ ላይ ተጎድቶ የዓመቱ ጨዋታ አበቃለት። ፊላደልፊያ መጥቶ 34 ለ 6 ሲያሸንፍ ደግሞ ኳስ ተቀባዩ ሲዲ ላም ጎል ክልል ውስጥ የተወረወረለትን ኳስ ማየት አልቻለም፤ በምዕራቡ መስታወት የገባው ፀሐይ ዓይኑን አጭበርብሮት ነበር። ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበት ስታዲየም፣ ለተጫዋቹ መጋረጃ የሚዘረጋለት ጠፋ!

መጨረሻው 7 ድል፣ 10 ሽንፈት። በቀደመው ዓመት 4 ብቻ ያሸነፈው ዋሽንግተን በክዊን መሪነት 12 አሸንፎ ለሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ እስኪቀረው ደረሰ። ካውቦይስ ዋንጫውን ከወሰደበት ከጥር 1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ እዚያ ደረጃ ላይ ቆሞ አያውቅም። ላም አለኝ በሰማይ ነው የሆነብን።

ነገሩ ወሬ ብቻ ቢሆን ባልከፋን። በትንበያው ተማምኖ ትኬት የሚገዛ፣ እዚህ ተወልደው ቡድኑን እንደ አገራቸው ለሚወዱ ልጆቹ የፕሬስኮትን ቁጥር 4 ማሊያ የሚያለብስ አባት አለ። ኪሱ ተራቁቶ፣ ልጁ አኩርፎ፣ አይ-30 አውራ ጎዳና ላይ ተሰልፎ ይመለሳል። ገንዘቡን የሚመልስለት ቀርቶ ተሳስተን ነበር የሚለው እንኳ የለም። ጥሩ ዳኝነት የሚሰጠው በስም ገናናነትና በአምና ውጤት አይደለም፤ ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ ማን ተጎዳ ተብሎ ነው።

ስለዚህ ነሐሴ ሲመጣ ለሬዲዮ አዋቂዎቻችን አንድ ጥያቄ እናቅርብ፤ አምና ምን ብላችሁ ነበር? ይህን ሳይመልስ የዘንድሮን ለሚነግረን ጆሯችንንም ገንዘባችንንም አንስጥ።