ካርታና ቸርኬ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አርጅቶ የሚጣል ቪትዝ የለም። ጎረቤቴ ጋሼም የራሳቸውን ቪትዝ ሊያድሱ ቆርጠው ተነሡ። ሞተሩ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ ሳል ይይዘዋል፤ እሱን ማሳከም ግን ጋራዥ መግባት ነው፣ ጋራዥ ደግሞ ገንዘብ ይበላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነውና በፓራውልቱና በቸርኬው ጀመሩ።

ጥቁሩ ፕላስቲክ አመድ መስሏል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ፀሐይ ለሰውም ለፕላስቲክም አትራራም። የሰፈሩ ሹፌሮች የተቃጠለ ዘይት እንዲቀቡት መከሯቸው፤ ዘይቱ አንድ ቀን ያብለጨልጭና በማግስቱ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። ጋሼ ንቀውት ስፕሬይ ገዙ። ሥራውን ያውቁታል፦ በኦሞ አጠቡ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉ፣ ፕላስቲኩ ላይ መጀመሪያ የራሱን ፕራይመር ነፉ (ያለዚያ ቀለሙ በወሩ ይላጣል)።

ከጮቄ የሚወርደው ንፋስ ግን ጣሳውን አቀዘቀዘውና መንፋቱን ትቶ መትፋት ጀመረ። ባለቤታቸው እትዬ፣

«ከቡናው ከሰል አጠገብ ላስጠጋልዎት?» ቢሏቸው ጋሼ ከበርጩማው ዘለው ተነሡ። ጣሳው ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ተጽፏል። በመጨረሻ ለብ ያለ ውሃ ተቀድቶ እንደ አራስ ልጅ ገላውን ታጠበ።

ከዚያ ቸርኬው። የፍሬኑን ዲስክ በጋዜጣ ሸፈኑ። ጎማው እንዳይበከል ደግሞ በጎማውና በቸርኬው መሐል ዙሪያውን ካርታ እየደራረቡ መሰካት ነው፤ ፕላስተር ከመለጠፍ ይፈጥናል። ችግሩ ካርታው የሳቸው አለመሆኑ ነው፤ ማታ ማታ ኮንከር የምንጫወትበት የሰፈሩ ካርታ ነው።

«ይጠረጋል» አሉ።

ስስ አድርገው፣ በየመሐሉ እያደረቁ ነፉት። ልመስክር፣ ቸርኬው አምሯል። ካርታው ግን አልተጠረገም። አንዱ ጥጉ ላይ፣ ሌላው ወገቡ ላይ፣ አንዳንዱ ዳር እስከ ዳር ብርማ ሆኖ ቀረ። የትኛው ጆከር የቱ ጋ እንደተሰካ የሚያውቁት ደግሞ ጋሼ ብቻ ናቸው። እጃችን ላይ ያለውን ካርታ ከጀርባው አሻግረው አይተው ጢማቸውን ይዳብሳሉ። እስካሁን የረታቸው የለም። አዲስ ካርታ እንግዛ ስንላቸው፣

«ዘንድሮ ምኑ ይገዛል?» ብለው ያድላሉ።