የእመት ዩልያ አጭር የሕይወት ታሪክ

የቡርጅ ሃሙድና የዶራ ወገኖች፣ ክቡራን ለቀስተኞች! የእሁድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልን። አሠሪያቸው ማዳም ፈቃድ የከለከለቻቸው በስልክ ሙሾ እያወረዱ ነው።

ሟች የቤይሩት የሮማ ዘመን ስም ናቸው፤ ሙሉ ስማቸው ኮሎኒያ ዩልያ አውግስታ ፌሊክስ ቤሪቱስ ነው። ጥሩምባ ነፊያችን ሲለፍፍ መሀል ላይ ሁለቴ አርፏል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15 ገደማ፣ ክርስቶስ ሳይወለድ ክርስትና ያነሷቸው የሮማው ጦር አለቃ አግሪጳ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሁለት ሌጌዎን ወታደሮችን ቤይሩት አሰፈሩና ሰፈራውን በቄሳር ዘር ስም ጠሩት። ሚስታቸው የአውግስጦስ ቄሳር ልጅ ዩልያ ነበረች፤ አማትን ማስደሰት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከተማዋ «ዕድለኛዋ ዩልያ» ተብላ ስትጠራ፣ ሴትዮዋን ግን አባቷ በዝሙት ወንጅሎ ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት አጋዛት። ወይን እንኳ ከለከላት።

ከእመት ዩልያ በፊት የሴሌውቅያ ነገሥታት ይህችኑ ከተማ በንግሥት ስም ሎዶቅያ ብለዋት ነበር። ትሪፎን የሚባል አመፀኛ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ140 ገደማ አፈረሳት፤ ስሙም ውሎ አድሮ ተከተላት። የሴሌውቆስ ቀዳማዊ እናት ስም የወጣላት እኅቷ ላታኪያ ሶርያ ውስጥ ዛሬም አለች። መንገድ ከብዷት ለቀብሩ አልደረሰችም።

እመት ዩልያ ስመ ጥር የሕግ ትምህርት ቤት ነበራቸው። ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ የሮማን ሕግ ሲያሰባስብ ከእርሳቸው ዘንድ መምህራን ወስዷል። በ551 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ቤታቸውን ጣለው። ገዳያቸው ግን መንቀጥቀጡ አይደለም። አንድም ሰው ገበያ ወርዶ ሲመለስ «ከኮሎኒያ ዩልያ አውግስታ መጣሁ» አላለም፤ ያቃተው ሁሉ ቤሪቱስ አለ። ይቺ ስም ደግሞ ከቄሳርም ከሴሌውቆስም በፊት፣ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድማ፣ ለግብፅ ፈርዖን በተላኩት የአማርና ደብዳቤዎች ላይ ቢሩታ ተብላ ተጽፋለች። ከመካከላችን ማዳም «ስምሽ ከበደኝ» ብላ ሌላ ስም ያወጣችላት ትመስክር፤ እናቷ ስትደውል ማን ብላ እንደምትጠራት እናውቃለን።

በነገራችን ላይ፣ ከኋላ የቆሙት የፊሊፒን እኅቶቻችን የስፔኑን ንጉሥ የዳግማዊ ፊሊፕን ስም አገራቸው ላይ እንደተሸከሙ ነው ለቅሶ የደረሱት። የእነርሱ ሟች አልሞት ብሎ አስቸግሯል። የኮንጎዎቹ ሊዮፖልድቪል በ1966 እ.ኤ.አ. ተገላግላ ኪንሻሳ ሆናለች።

አንድ ማስታወቂያ አለን። ፈረንሳዮች ወደዚህ ሲመጡ ንጉሥ ስላልነበራቸው መንገዶችን በጄኔራሎች ስም ሰየሙ። በ1920 እ.ኤ.አ. ታላቋን ሊባኖስን ያወጁት ጄኔራል ጉሮ አሁንም በስማቸው መንገድ አላቸው። የሰርቪስ ታክሲ ሾፌር ግን በሰፈሩ ስም «ጀማይዜ» ካላላችሁት አይሰማችሁም። ዕድሩ ጄኔራሉን እየተመላለሰ እየጠየቀ ስለሆነ፣ የወሩ መዋጮ ያለባችሁ ከወዲሁ ክፈሉ።