ሞኝና ወረቀት

ዛሬ ሞኝን ላወድስ ነው። ውዳሴው ከልቤ ነው፤ ውስጡ የተሸሸገ ስድብ የሚፈልግ ሰው አያገኝበትም።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል ተረቱ። መቀሌ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አየኋቸው። ወረቀቱ በፌስታል ተጠቅልሎ በአንዲት አሮጊት እናት እጅ ነበር፤ ሞኟ ደግሞ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠች ነርስ ናት። እናትየዋ ከምዕራብ ትግራይ ተፈናቅለው በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር የሚኖሩ፣ ስኳር ያለባቸው ሴት ናቸው። ማዘዣው ላይ «ከምግብ ጋር» ተብሎ ተጽፏል። ሰልፉ ከበሩ አልፎ ግቢው ድረስ ወርዷል። ብልህ ሰው የስኳሩን ልክ ያያል፣ ኪኒኑን ያድሳል፣ «ቀጣይ!» ይላል። ነርሷ ግን ካርዱ ላይ ቦታ ያልተሠራለትን ጥያቄ ጠየቀች።

«አደይ፣ ዛሬ ምን በሉ?»

«ቁርሱን ለልጅ ልጄ ሰጠሁት።»

«ኪኒኑንስ?»

«እሱንማ ዋጥኩት። ሐኪም ያዘዘውን እንዴት እተዋለሁ?»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መጀመሪያ ስኳር የበዛበት ሻይ ከዳቦ ጋር አስመጥታ አጠገቧ አስቀምጣ አበላቻቸው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጋውኗን አውልቃ፣ ክንዳቸውን ደግፋ፣ የተፈናቃይ ስም ወደሚመዘገብበት ቢሮ ወሰደቻቸው። እዚያም እንደማንኛውም ሰው ተሰለፈች። የአሮጊቷ ስም ከእርዳታ ዝርዝሩ ላይ የጠፋው በሐመሩ ሐ የሚጻፈው በሃሌታው ሀ ተመዝግቦ ኖሮ ነው። ለአማርኛ ጆሮ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ በትግርኛ ግን ሁለት ድምፅ፣ በኮምፒውተሩ ደግሞ ሁለት ሰው። ይህን ለማግኘት መዝገቡን ገጽ በገጽ ከእሳቸው ጋር የሚያይ፣ ሌላ ሥራ የሌለው የሚመስል ሰው ያስፈልጋል።

የቢሮ አሠራር ይህን ሥራ የማንም አያደርገውም። ስኳሩ የጤና ቢሮ ነው፤ ረሃቡ የእርዳታ ክፍል፤ መኝታው የመጠለያ አስተባባሪዎች፤ ወላጅ የሌለው የልጅ ልጅ የማኅበራዊ ጉዳይ። እያንዳንዱ የድርሻውን በትክክል ሠርቶ፣ ማኅተሙን አሳርፎ፣ ሴትዮዋ ግን በመካከል ሊሞቱ ይችላሉ። አንዳንዱ የስኳር መድኃኒት በባዶ ሆድ ሲዋጥ የደሙን ስኳር ከልክ በታች አውርዶ ሰውን ራሱን ያስታል። ሰውነት ክፍለ ከተማና የሥራ መደብ አያውቅም።

የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2008 ዓ.ም. ሰውን ማዕከል ያደረገ የተቀናጀ አገልግሎት የሚል ማዕቀፍ ተቀብሏል። መልካም ነው። ትግራይ ውስጥ ግን የነርሷ ዓይነቱ ሞኝነት ከዚያ በፊትም ነበር። በ1995 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ወጣት ሴቶችን መድቦ ቤት ለቤት ሲያስዞር፣ በሽተኛ እስኪመጣ መጠበቅን ትቶ ወደ ሰው ጓዳ መሄድን መርጦ ነው። ጓዳ የገባ ሰው ደግሞ ማየት የማይፈልገውንም ያያል፤ ባዶውን እንስራ፣ መጸዳጃ ያጣውን ግቢ፣ ጥግ ላይ የተኛውን አካል ጉዳተኛ ልጅ። በ2003 ዓ.ም. በዓቢ ዓዲ ከተማና በሕንጣሎ ወጀራት ወረዳ የተጀመረው የማኅበራዊ ገንዘብ ድጋፍ ሙከራም እንዲሁ ነው። የሚሠራ እጅ ለሌለው ድሃ ቤተሰብ በወር መነሻው 155 ብር ይሰጥ ነበር። የትኛው ሽማግሌ ብቻውን እንደቀረ፣ የትኛዋ አሮጊት የልጅ ልጆች እንደምታሳድግ የሚለዩት ጎረቤቶች ነበሩ፤ የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት አባላት። ለጎረቤት ሲሉ ያለ ደመወዝ የሚሮጡ ሰዎች ናቸው፤ ብልጦች ምን እንደሚሏቸው መገመት አያቅትም።

በመቀሌ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሚሠራው የሐምሊን የፊስቱላ ማዕከልም ይታወሰኛል። በምጥ መርዘም የተጎዳች ሴት ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት፣ ከሰው ተለይታ ኖራ ትመጣለች። ቀዶ ጥገናው የፊስቱላውን ቀዳዳ ይዘጋል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ የጀመሩት ልማድ ግን በዚያ አያበቃም፤ የተፈወሰችው ሴት ወደ ቤቷ ስትመለስ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነው። ቀሚስ በየትኛውም የሕክምና መጽሐፍ መድኃኒት ተብሎ አልተመዘገበም። እኔ እመዘግበዋለሁ።

የሞኝነቱን ጥግ የማየው ግን በመቀሌው አይደር ሆስፒታል ላይ ነው። ስሙ የሰፈሩ ነው፤ ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ላይ ቦምብ የወደቀበት ሰፈር። በትግራይ ጦርነት ጊዜ፣ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ባንክ ተዘጋ፣ ደመወዝ ቆመ፣ የመድኃኒት መንገድ ጠበበ። ሐኪሞቹና ነርሶቹ ከዓመት በላይ ያለ ደመወዝ እየመጡ ሠሩ። ጓንት አጥበው ደግመው አጠለቁ። ኢንሱሊን ሲያልቅ ለስኳር ሕመምተኛው የሚሉት አጡ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሆስፒታሉ 240 ሕሙማንን ወደ ቤት ሰደደ። የሰደዳቸው ድነው አይደለም፤ የሚበሉት አልቆ ነው። ሐኪም እያለ፣ አልጋ እያለ፣ ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሕክምና ሌላ፣ እንጀራ ሌላ ነው የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ የዚያን ሆስፒታል በር ከማሰብ በቀር መልስ የለኝም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ጦርነቱን የሚያቆም ስምምነት ተፈረመ፤ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ መግባት ጀመረ። በዚያው ዓመት ግን የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ ተራድኦ እህል ተሰረቀ ብለው የምግብ እርዳታውን በትግራይ አቆሙ፤ ለወራት። ስርቆቱ መጣራት ነበረበት። ግን እንደገና ኪኒኑ እያለ «ከምግብ ጋር» የሚለው ጠፋ። ለዚህ ነው ያቺ ነርስ የጠየቀችው ጥያቄ ከማንኛውም የደም ምርመራ ያላነሰ ምርመራ ነው የምለው። ጥያቄዋን ሥራዋ ብሎ የሚቆጥርላት ቅጽ የለም፤ ለመንገዱ የምትሰጠው ሰዓት የላትም፤ ከቢሮ ቢሮ የሚያገናኛት ስልክም የራሷ ነው፣ ካርዱም የራሷ። ይህ ሁሉ ሊሰጣት ይገባል፤ ደመወዝም በወቅቱ።

የዚያን ቀን ስሙ ተገኘና በሐመሩ ሐ ተስተካከለ። አሮጊቷ አዲሱን ወረቀት ከአሮጌው ጋር በፌስታሉ አጥፈው አስገቡ፤ አፉን ሁለት ጊዜ ቋጠሩት። ልጅቷ ሰዓቷን አየች፣ ስምንት ተኩል ሊሆን ነው፤ ሰልፉ ይጠብቃታል። ልትሄድ ስትል እጇን ያዙ።

«አንቺስ ልጄ፣ በልተሻል?»