አንድም ስህተት የለም

«ስታር ትሬክ» በተባለው የጠፈር ተከታታይ ፊልም ውስጥ ስህተት አለ የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 በአሜሪካው ኤንቢሲ የታዩት 79 ክፍሎች እንከን የላቸውም፤ ጉድለቱ ያለው ተመልካቹ ዘንድ ነው። የኢንተርፕራይዝ መርከብ ጉዞ የተምታታ የሚመስለው ትርጓሜውን ላልሰማ ሰው ብቻ ነው። ትርጓሜውን ደግሞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ እንቅልፍ አጥተው ያደላደሉልን ወዳጆቹ አሉ። የአብነት ተማሪ የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ ሲያገላብጠው ያየ ሰው ሥራቸው እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ፣ የእኛ ሊቃውንት የሚተረጉሙት ቅዱስ መጽሐፍ ሲሆን የእነዚያኞቹ ሐሙስ ማታ በማስታወቂያ መሐል የታየ ፊልም መሆኑ ነው።

የመቃብሩን ድንጋይ እንይ። ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በአንዱ የካፒቴን ኪርክ የረጅም ጊዜ ባልንጀራ ጋሪ ሚቸል አምላክ የሚያሰኝ ኃይል ያገኝና ያሰበው ሁሉ በቅጽበት ይሆንለታል። በዚሁ ኃይሉ ለባልንጀራው መቃብር አዘጋጅቶ ድንጋይ ያቆምለታል። ድንጋዩ ላይ «ጄምስ አር ኪርክ» የሚል ተጽፏል። ካፒቴኑ ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ ድረስ ጄምስ ቲ ኪርክ ነው። አላዋቂ ሰው «ጸሐፊዎቹ ገና ስሙን አልወሰኑም ነበር» ይላል። ሊቃውንቱ ግን፦ አንድም፣ ሚቸል ኃይሉ የአምላክ ቢሆንም ባሕርዩ የሰው ነበርና ተሳሳተ፤ አንድም፣ «አር» በሁለቱ መካከል ብቻ የሚታወቅ የቀልድ ስም ነበረ፤ አንድም፣ ያ ታሪክ የተፈጸመው በሌላ ትይዩ ዓለም ነው። እኔ የሦስተኛው ወገን ነኝ። አንዲት ፊደል ከማረም አንድ ሙሉ ዩኒቨርስ መፍጠር የሚቀልለው ሰው እምነቱ የጸና ነው።

እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጥርም ሰፍሯል፤ ከ1277.1 እስከ 1313.7። ይህ የከዋክብት ቀን አቆጣጠር ነው። ለደራሲዎቹ የተሰጣቸው መመሪያ፣ ደስ ያላችሁን አራት አኃዝ ምረጡ፣ ከነጥብ በኋላ ደግሞ አንድ ጨምሩበት የሚል ነበር። ማንም የማይቆጥረው አቆጣጠር ማንንም አያሳስትም። አበቅቴና መጥቅዕ ሲያሰሉ የሚያመሹት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንታችን ይህን ቢሰሙ ኖሮ ምንኛ ባረፉ! በሌላ ክፍል ትሬሌን የሚባል ፍጡር ከመሬት 900 የብርሃን ዓመት ርቆ ተቀምጦ የናፖሊዮንን ዘመን በመነጽር ሲያይ ይገኛል። ብርሃኑ እዚያ ለመድረስ 900 ዓመት ከፈጀበት ኪርክና ባልደረቦቹ የሚኖሩት ከ2700 በኋላ ነው ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ግን የሚኖሩት በ23ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የአራት መቶ ዓመት ልዩነት በወዳጅ መካከል ምን አላት?

ስሌት ከተነሣ ኪርክ በወታደራዊ ፍርድ ቤት የተከሰሰበትን ክፍል ማለፍ ነውር ነው። ሞተ የተባለው መኮንን ለካ መርከቧ ውስጥ ተደብቋል። እሱን ለመያዝ ሌላው መርከበኛ ሁሉ እንዲወርድ ይደረግና የቀረው የልብ ትርታ በኮምፒዩተሩ ጆሮ ይደመጣል። ኪርክ ለዳኞቹ ያስረዳል፤ ማጉያ ከተገጠመለት የኮምፒዩተሩ የመስማት ችሎታ እስከ አንድ አራተኛ ርቢ ድረስ ከፍ ይላል። አንድ ሲባዛ በአንድ፣ ሲባዛ በአንድ፣ ሲባዛ በአንድ። ከተከበሩት ዳኞች ውስጥ ወረቀትና እርሳስ የጠየቀ አልነበረም። እኛም አንጠይቅም፤ በዚያ ዘመን አንድ ራሱ አድጎ ይሆናል። ደግሞስ ሠርቶ የለም እንዴ! ልቡ ሲመታ ተሰማ። በቦታው የቀሩትን ሰዎች ትርታ ዶክተር ማኮይ ዕቃውን ደረታቸው ላይ እያስጠጋ አንድ በአንድ አጠፋው። ዕቃው ተራ ማይክሮፎን መምሰሉ አጋጣሚ ነው።

በዚያው ክፍል የመርከቧ ሞተር በመጥፋቱ ምህዋሯን ለቃ ወደ ፕላኔቷ መውደቅ ትጀምራለች። ይህ ሕግ በተከታታዩ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚሠራ ልንጠራጠረው አይገባም፤ ሞተር ከጠፋ መውደቅ ነው። ጨረቃ ብቻ አልሰማችም መሰለኝ፣ ያለ ምንም ሞተር ከአራት ቢሊዮን ዓመት በላይ ዞራለች። አንድ ሰው ቀስ ብሎ ቢነግራት ጥሩ ነው።

ፀረ-ቁስስ? መርከቧ የምትነዳው ቁስንና ፀረ-ቁስን በማገናኘት እንደሆነ ሁሉም መርከበኛ ያውቃል። «ዘ ኦልተርኔቲቭ ፋክተር» ላይ ስንደርስ ግን ላዛረስ የሚባል ሰው ከፀረ-ቁስ የሆነውን አምሳያውን ከተገናኘ ዩኒቨርስ ሁሉ እንደሚጠፋ ይነገረንና እንሸበራለን። ሞተር ክፍል ውስጥ በየቀኑ የሚፈጸመው ነገር በሁለት ሰዎች መካከል ሲሆን ለምን የፍጥረት መጨረሻ እንደሚሆን መጠየቅ የጨዋ ሰው ወግ አይደለም። የላዛረስ ጢም ከትዕይንት ትዕይንት ሲሳሳና ሲጎፈር የተመለከቱ ሰዎች፣ መጀመሪያ የተመረጠው ተዋናይ ለቀረጻ ሳይመጣ ቀርቶ ሌላው በጥድፊያ መተካቱን ያነሣሉ። በሁለት ዩኒቨርስ መካከል የሚመላለስ ጢም መድከሙ እንዴት ይጠፋቸዋል?

የኪርክ መኮንን የሚስተር ስፖክ አባት ቩልካን የተባለች ፕላኔት ሰው ናቸው፤ ደማቸው በብረት ፈንታ መዳብ ያለበት አረንጓዴ። እናቱ የመሬት ሴት። የሥነ ፈለኩ ተመራማሪ ካርል ሴጋን ከዚህ ይልቅ ሰውን ከጓሮ አትክልት ማዳቀል ይቀልላል የሚል ሐሳብ ሰጥቶ ነበር። ሴጋን ኮከብ እንጂ ፍቅር አልተማረም። ደግሞም ስፖክ እንደ ማንኛችንም አይደለም፤ በ1968 አንጎሉ ተሰርቆ ሲመለስለት፣ ገና ቀዶ ሕክምናው ሳያልቅ ተኝቶ የቀረውን እንዴት እንደሚያገናኝ ለሐኪሙ የነገረው እሱ ነው።

ኡሁራ ላይ ስደርስ ግን ሽሙጡ ያንቀኛል። ኖማድ የሚባል ማሽን የዚህችን መኮንን አእምሮ ሙልጭ አድርጎ ይጠርገዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደ ሕፃን ፊደል ስትቆጥር እናያታለን፤ ሲቸግራት በስዋሂሊ ትናገራለች፣ ማሽኑ ስዋሂሊ አያውቅ ኖሮ አልጠረገውም። በሳምንት ውስጥ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች ተባለና ጉዳዩ ተዘጋ። በተከታዮቹ ክፍሎች እናቷን ታስታውስ እንደሆነ እንኳ የጠየቃት የለም። ለኪርክ ፊደል ሦስት ትርጓሜ ያዘጋጁ ሊቃውንት ለእሷ ይህን ያህል አልደከሙም።

ክሊንጎን ለተባሉት ባዕድ ፍጡራን ግንባር ግን ደክመዋል። ክሊንጎኖች በ1967 ሲመጡ ፊታቸው ቡናማ የተቀባ፣ ጢም የተለጠፈላቸው፣ ግንባራቸው ልሙጥ የሆነ ሰዎች ነበሩ። በ1979ኙ ፊልም ግንባራቸው ላይ የአጥንት ሸንተረር አብቅለው መጡ። ሥራው የተሠራው በችኮላና በጥቂት ገንዘብ ነበር፣ ፊልሙ ሲመጣ ግን ገንዘቡም አብሮ መጣ የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ማብራሪያ አጭር፣ ቀላልና እውነት በመሆኑ ለሊቃውንት አይመጥንም። በ1996 በወጣ የሌላ «ስታር ትሬክ» ተከታታይ ክፍል ክሊንጎኑ ዎርፍ ወደ ኋላ ዘመን ተጉዞ ልሙጦቹን ዘመዶቹን ሲያይ ባልደረቦቹ ምን ነካቸው ብለው ጠየቁት። ይህን ከባዕድ ጋር አናወራም ብሎ ዘጋው። እውነቴን ነው፣ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም፤ የቤትን ገመና የሸፈነ ሰው ሽማግሌ ፊትም ያስከብረዋል። አላስቻላቸውም። በ2005 ሁለት ሙሉ ክፍል ተሠርቶ ሸንተረሩን ያጠፋው ቫይረስ መሆኑ ተገለጸ። የሜካፕ በጀት ማነስ በላቦራቶሪ ሲረጋገጥ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ካን የሚባል የኪርክ ባላንጣ ደግሞ አለ። ካን ኢንተርፕራይዝ ላይ የተሳፈረበት ክፍል የታየው በየካቲት 1967 ነው፤ መርከበኛው ቼኮቭ በተከታታዩ መታየት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1982ቱ ፊልም ካን ቼኮቭን ገና ሲያየው መልኩን እንደማይረሳ ይነግረዋል። የቼኮቭ ተዋናይ ዋልተር ኬኒግ፣ ያኔ መርከቧ ውስጥ ነበርኩ፣ ሽንት ቤቱን ይዤ ካንን ደጅ ስላቆምኩት ቂም ይዞብኝ ነው እያለ ይቀልዳል። ከትርጓሜዎቹ ሁሉ ይህን የማመን ዝንባሌ አለኝ።

ያው የ1967ቱ ክፍል ካን ከ1992 እስከ 1996 ከሩብ በላይ የሚሆነውን ዓለም እንደገዛ ይናገራል። ዓመቶቹ መጡ፤ ካን ቀረ። እኛ በራሳችን አቆጣጠር ሰባት ስምንት ዓመት ጨምረን ብንጠብቀውም ብቅ አላለም። በ2023 በወጣ አንድ ክፍል ግን ከወደፊቱ የመጣች ሰላይ ጉዳዩን አስረዳችን፤ ብዙዎች በጊዜ ላይ ጣልቃ ስለገቡ የካን ዘመን ተገፍቷል። ካንም በዘመናችን ቶሮንቶ ውስጥ ገና ሕፃን ሆኖ ተገኘ። ደራሲዎቹ ያኔ የጻፉት ቁጥር አልሠራ ሲል ይቅርታ የጠየቀው ጊዜ ራሱ ሆነ።

ለትርጓሜ ያስቸገረው የወንበር ቀበቶ ነው። መርከቧ በተመታች ቁጥር መኮንኖቹ ከወንበራቸው እየተወረወሩ ወለሉ ላይ ይንከባለላሉ፤ የፊት ለፊቱ መሣሪያ ደግሞ ፊውዝ የሚባል ነገር ስላልተፈጠረ እሳት ይተፋባቸዋል። በ1979ኙ ፊልም የወንበሩ ክንድ ታጥፎ ጭን እንዲይዝ ተደርጎ ነበር፤ ብዙ አልቆየም። በ2002 የወጣው «ኔመሲስ» የተባለ ፊልም ሲቀረጽ ለኋለኛው ካፒቴን ለፒካርድ አዲስ ወንበር ከነቀበቶው ተገጠመለት። ያ ትዕይንት ፊልሙ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ተቆርጦ ወጣ።