ሳይደውሉ የመሄድ ጥበብ

የአዲስ አበባ ቤተሰብ ብዙ በጎ ልማድ አለው፤ እንደ ድንገተኛው የአያት ጥየቃ የሚመሰገን ግን የለም። እሑድ ጠዋት ልጆች በሪሞት ሲጣሉ አባት ከሶፋው ብድግ ይልና «ተነሱ፣ አዳማ አያታችሁ ጋ እንሂድ!» ይላል። እናት ለአፍታ ታመነታለች። «ደውለንላቸው ቢሆንስ?» መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሰርፕራይዝ እናድርጋቸው።»

መንገዱም ተባባሪ ነው። የአዲስ–አዳማ የክፍያ መንገድ በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ለተሽከርካሪ ከተከፈተ ወዲህ ከሶፋው ተነስቶ የአያትን በር ለማንኳኳት ግማሽ ቀን መባከኑ ቀርቷል። በአሮጌው መንገድ ከከባድ መኪና ኋላ እየተንፏቀቁ ቢሾፍቱንና ሞጆን ማለፍ ግድ ስለነበረ፣ ሰው መሐል ላይ ሐሳቡን የመቀየር ዕድል ነበረው። በፈጣኑ መንገድ እንደ ልብ ዞሮ መመለስ አይፈቀድም።

ልማዱ ያስገኘው ታላቅ ፍሬ ግን የእንጀራ ብድር ነው።

ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት መሶብ ውስጥ እሑድ ቀን ስንት እንጀራ ይገኛል? ሦስት፣ ቢበዛ አራት። ሊጥ ደግሞ በፍቅር ብዛት አይቦካም። በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ አብሲት ይጣልለታል፣ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። እንግዶቹ ስድስት ናቸው፤ ርቧቸዋልም። እርግጥ እንጀራ በየሱቁ ይሸጣል፤ ነገር ግን «የልጅ ልጆቿን የሱቅ እንጀራ አበላች» ከመባል አያት ራሳቸው ጦም ቢያድሩ ይመርጣሉ። ስለዚህ ከግራ ጎረቤት ስድስት እንጀራ ይበደራሉ። (ሰሃን ይዞ ብድሩን የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ይህ ጸሐፊ ጠንቅቆ ያውቃል።)

የግራ ጎረቤት መሶባቸውን ባዶ አድርገው ከመቀመጣቸው የእሳቸውም ልጅ ሦስት ልጆች ጭኖ ከች ይላል፤ «ሰርፕራይዝ!» እሳቸው ከማዶ ቤት ይበደራሉ። የማዶዋ ሴት ሞጆ ላለች እህቷ ትደውላለች፤ መደወል የሚያውቁት ተበዳሪዎቹ ብቻ ናቸውና። የሞጆዋ ከቢሾፍቱ፣ የቢሾፍቱዋ ከዱከም፣ የዱከሟ ከገላን እየተበደረች ዕዳው በአሮጌው መንገድ ሽቅብ ይጓዛል። አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ ገብቶ፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ወጥቶ፣ የዚያኑ የድንገተኛ ቤተሰብ በር ያንኳኳል። የሚከፍት የለም። ሁሉም አዳማ ናቸው፤ እየበሉ ነው።

ብሔራዊ ባንክ ለዚህ ብድር ተመን አለማውጣቱ ያሳዝናል። ወለዱማ በየመንደሩ ይታወቃል፤ ስድስት ተበድሮ ስድስት ብቻ የመለሰ ስሙ በቡና ላይ ይነሳል። ዋሽንግተን ያለ የሐበሻ ሱቅ እንኳ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣለትን እንጀራ አስቀድሞ ያዛል። ውቅያኖስ የሚሻገረው በትዕዛዝ፣ አዳማ የሚበላው በድንገት!

ሌላም ሌላም በረከት አለ። በሁዳዴ እሑድ የደረሱ ልጆች ዕንቁላል ይጠይቁና አያት በሃምሳ አምስት ቀን ጾም መሐል ዕንቁላል ፍለጋ ይወጣሉ። ለሳምንት የተጠራቀመው የበርሜል ውሃ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። የደም ግፊት ኪኒን የሚዋጥበት ሰዓት በጫጫታው መሐል ያልፋል።

ትልቁ ልጅ ደግሞ በሩ ሲከፈት የአያቱን ድንጋጤ ለቲክቶክ ይቀርጻል። አያት በቤት ቀሚስ፣ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ፣ አፋቸውን ይዘው። ቪዲዮው ላይ የልብ ምልክት ይዘንባል።

ይህ አያስቅም። እኚህ ሴት ነጠላ ሳይደርቡ ከደጃፋቸው ወጥተው አያውቁም። ይደወልላቸው። ዓርብ ማታ፣ ሁለት ደቂቃ። ኢትዮ ቴሌኮም ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉኝ ይላል፤ አንዷ እሳቸው ናቸው፤ ስልኩንም የገዛላቸው ይኸው ሳይደውል የሚመጣው ልጃቸው ነው።

የልማዱ ጠበቆች «ድሮ ማን ደውሎ ይሄድ ነበር?» ብለው ይሟገታሉ። እውነት ነው፤ ድሮ እንግዳ ሳይታሰብ ይመጣ ነበር። ድሮ ግን ቤቱ ሰው ነበረው፤ የምትጋግር ልጅ፣ ውሃ የሚቀዳ ልጅ፣ ዶሮ አባሮ የሚይዝ ልጅ። ያ ሁሉ ልጅ ዛሬ አዲስ አበባ ገብቶ ሶፋ ላይ ተቀምጧል።

ደውለው ቀን የሚቆርጡበት ጊዜም አለ፤ አይካድም። ያን ጊዜ አያት ሐሙስ ያቦካሉ። ቅዳሜ ዶሮዋን ዐሥራ ሁለት ብልት አውጥተው፣ ሽንኩርቱን ሲያቁላሉ ያመሻሉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቄጠማ ጎዝጉዘው መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ በር ያያሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል። «እማዬ፣ ልጆቹ ልደት ተጠርተውብን፤ ግድ የለም፣ አንድ ቀን ድንገት ብቅ እንላለን።» ወጡ በሰሃን ተደርጎ ወደ ግራ ጎረቤት ይላካል፤ ስድስቱ እንጀራ ገና አልተመለሰም ነበር።