ባሏን የቀማችው ማናት? «ሱላ»ን አበላሽቶ የመወያያ መመሪያ

የቶኒ ሞሪሰን «ሱላ» እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አጭር ልብ ወለድ ነው። ደራሲዋ ኦሃዮ ውስጥ በምናቧ በቆረቆረቻት ሜዳሊየን፣ ጥቁሮች በሚኖሩበት ኮረብታ ላይ አብረው ያደጉ ሁለት ሴቶችን ያሳየናል። ኔል አግብታ ወልዳ ሰፈሯ ቀረች። ሱላ አሥር ዓመት ያህል ዞራ ተመለሰችና ከኔል ባል ጋር ተኛች። መጽሐፉ ይህን ብቻ ቢል ኖሮ ውይይቱ በአንድ ስኒ ቡና ባለቀ ነበር። የሚለው ሌላም አለ፤ ያ ሌላው እንዳይሰማ ማድረግ የእርስዎ ፈንታ ነው።

አንደኛ፣ ንባብዎን ከ«1937» ይጀምሩ። ምዕራፎቹ የተሰየሙት በዓመተ ምሕረት ስለሆነ ቦታው አይጠፋዎትም። «1922»ን በፍጹም አይንኩ። እዚያ ሱላ እጁን ይዛ ስታሽከረክረው የነበረ ትንሽ ልጅ አምልጧት ወንዝ ውስጥ ይሰጥማል፤ ኔል ቆማ ታያለች። ሁለቱም ለማንም ትንፍሽ ሳይሉ ያድጋሉ። ይህን ያነበበ ሰው ስለ ከዳተኛ ሲያወራ ምላሱ ይተሳሰራል፤ እርስዎ ደግሞ አንደበተ ርቱዕ ሆነው መታየት ይፈልጋሉ።

ሁለተኛ፣ አቦሉ ሳይቀዳ ፍርድ ይስጡ። «ባለጌ ናት!» ብለው ስኒዎን ይቀበሉ። የኮረብታው ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሱላን ክፉ ካሏት ወዲህ ባሎቻቸውን ማክበር፣ ልጆቻቸውን መንከባከብ ጀመሩ፤ ስትሞት ግን ወደ ቀድሞ አመላቸው ተመለሱ። ስለዚህ ማታ ቤትዎ ሲገቡ ትዳርዎ ድንገት አምሮ ቢታይዎት አይደንግጡ፤ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው። እንዳይለቅዎት በየወሩ አንድ ሱላ ይፈልጉ።

ሦስተኛ፣ የውይይቱን እኩሌታ ለባልየው ለጁድ ይስጡ። አንዱ «ወንድ አይደል፣ ምን ያድርግ?» ይበል፤ አንዷ «ወንድ ሁሉ እንዲሁ ነው» ትበል፤ ጊዜው በደንብ ይሄዳል። ጁድ ኔልን ለማግባት የቸኮለው ጥቁር በመሆኑ የመንገድ ሥራ ተከልክሎ ቁስሉን የሚያስታምምለት ሰው ሲሻ መሆኑን ማንም እንዳያነሳ። ጁድ ቤቱን ጥሎ ሄዷል፤ ታሪኩም ያለ እሱ ይቀጥላል። የእናንተ ውይይት ግን ያለ እሱ አንድ እርምጃ እንዳይራመድ።

አራተኛ፣ የራስዎን ጓደኛ ጉድ ያምጡ። ሲተርኩ ምንጊዜም ኔልን ይሁኑ። ከእርስዎ በኋላ ሁሉም በየተራ ኔል ይሆናሉ፤ ቤቱ በኔል ይሞላል። «እኔ እንኳ ሱላ ነበርኩ» የምትል አንዲት ሴት አትገኝም። ይህን ያህል የተከዳ ሰው ካለ የካዱት የት ገቡ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ቁርስ እንዲያዞር ይላኩት።

አምስተኛ፣ ከባድ ጥያቄ ሲመጣ ኖቤልን ይጥሩ። ለምሳሌ፣ በ«1965» የሱላ አያት፣ አረጋዊቷ ኢቫ፣ ኔልን «ያንን ወንዝ የሰጠመ ልጅ እንዴት ገደልሽው?» ብላ ትጠይቃታለች። ኔል «ሱላ ናት» ስትል፣ ለኢቫ ያደረገችውና ቆማ ያየችው አንድ ናቸው። ይህ ከተነሳ ከላይ ያሉት ኔሎች በሙሉ ሊፈርሱ ነው። ፈጠን ብለው «ደራሲዋ እኮ በ1993 የሥነ ጽሑፍ ኖቤልን ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት!» ይበሉ። ሁሉም በአክብሮት ራሱን ይነቀንቃል፤ ጥያቄው እዚያው ይቀበራል።

ስድስተኛ፣ ጥፋተኛዋን በድምፅ ብልጫ ይወስኑ፤ እጅ የሚወጣው ግን የመጨረሻው ገጽ ሳይነበብ ነው። እዚያ ኔል ያን ሁሉ ዓመት የናፈቃት ባሏ ሳይሆን ሱላ እንደነበረች ይገባታል። ይህን ያነበበ ሰው «ድምፄን መልሱልኝ» ማለቱ አይቀርም። አይመለስም፤ ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል።